በጀቱ አስቀድሞ ወደ ቤት ወይስ ወደ ትምህርት ቤት? ስለ ጅማ ሕፃናት የቀረበ ክርክር

የክርክሩ ጭብጥ፦ በጅማ ከተማና በዙሪያዋ ባሉ ወረዳዎች ዕድገታቸው ለዘገየና የአካል ጉዳት ላለባቸው፣ ከ6 ዓመት በታች ለሆኑ ሕፃናት የሚመደብ የመንግሥት በጀት አስቀድሞ የት ይዋል? ከጤናው ወገን የሚከራከሩት ሲስተር «ቤት ለቤት ለሚደርስ ድጋፍ» ይላሉ። የልዩ ፍላጎት ትምህርት መምህሩ ደግሞ «በአፀደ ሕፃናት ውስጥ ለሚከፈት የድጋፍ መስጫ ማዕከል» ይላሉ።

ሲስተር፦

በአካቶ ትምህርት ላይ፣ ማለትም የአካል ጉዳት ያለበት ልጅ ከሌሎች ልጆች ጋር አብሮ በሚማርበት ሥርዓት ላይ፣ ከመምህር ጋር ጠብ የለንም። ኢትዮጵያ የአካል ጉዳተኞችን መብት ስምምነት እ.ኤ.አ. በ2010 ስታጸድቅ ትምህርትን የሚመለከተውን አንቀጽ 24 አብራ ተቀብላለች። የእኔ ጥያቄ የዕድሜ ነው። የመንግሥት ትምህርት ቤት ልጁን የሚያገኘው በ5 ወይም በ6 ዓመቱ ነው። ሲወለድ ታፍኖ የቆየ ወይም ቢጫነቱ በጊዜ ባለመታከሙ አንጎሉ የተጎዳ ሕፃን እስከዚያ ድረስ ማን ያየዋል?

ሴሬብራል ፓልሲ ያለበትን፣ ማለትም አንጎሉ በመጎዳቱ አካሉን ማዘዝ የሚያዳግተውን ልጅ እንውሰድ። እናቱ በጀርባው አስተኝታ፣ አንገቱ ወደ ኋላ እንደታጠፈ ታጎርሰዋለች፤ ሌላ መንገድ ያሳያት የለም። ምግቡ ወደ ሳንባው ይገባል፣ ልጁ በየጊዜው የሳንባ ምች ይይዘዋል፣ ክብደቱም ይቀንሳል። መፍትሔው ገንዘብ አይጠይቅም፦ ጀርባው ቀጥ ብሎ ይቀመጥ፣ አገጩ በትንሹ ወደ ደረቱ ዝቅ ይበል፣ ማንኪያው ከፊት ለፊት ከአፉ በታች ይምጣ፣ የመጀመሪያውን ሳይውጥ ሁለተኛው አይጨመር። ይህን ለማሳየት 1 ሰዓት ይበቃል። ግን የሚታየው እናቲቱ በምታጎርስበት ቤት፣ በራሷ ማንኪያና በራሷ ገንፎ ነው።

እግሩ ቆልመም ብሎ የተወለደውም እንዲሁ ነው። በፖንሴቲ ዘዴ በየሳምንቱ ጀሶ እየተቀየረ አብዛኛውን ጊዜ ከ5 እስከ 7 ዙር ይበቃዋል፤ ብዙዎቹ የተረከዝ ጅማት ትንሽ መቁረጥም ያስፈልጋቸዋል። ከዚያ ብረት የተገጠመለት ጫማ ለ3 ወር በቀን 23 ሰዓት፣ ቀጥሎ እስከ 4 ዓመት ዕድሜው ሲተኛ ይደረግለታል። እግሩ ተመልሶ የሚጣመመው በአብዛኛው ጫማው ሲተው ነው። ልጁ ያለቅሳል፣ ቆዳው ይቀላል፣ ቤተሰቡ ያዝንና ያወልቀዋል። በዚያች ሳምንት በራቸውን የሚያንኳኳ ሰው ነው የሚያስፈልገው።

ልጆቹን የምናገኝበት መንገድም አለን። በ9 እና በ15 ወር የኩፍኝ ክትባት አለ። ከ6 እስከ 59 ወር ደግሞ በየ6 ወሩ ቫይታሚን ኤ ይሰጣል። በእነዚህ ቀጠሮዎች እናቲቱን እንጠይቅ፦ በ9 ወሩ ሳይደገፍ ይቀመጣል? በ1 ዓመቱ ስሙ ሲጠራ ዞር ይላል? በ18 ወሩ ብቻውን ይራመዳል? በ2 ዓመቱ ሁለት ቃል ያጣምራል? አራት ጥያቄዎች ናቸው።

መምህር፦

ሲስተር ስለ አመጋገብ ያሉትን ሁሉ እቀበላለሁ። አራቱ ጥያቄዎች ላይ ግን እንቆማለን።

በገጠር ሁለት የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች 5,000 ያህል ሕዝብ ይዘዋል። ክትባቱም፣ የወሊድ ክትትሉም፣ ሽንት ቤቱም፣ ወባውም በእነሱ ትከሻ ላይ ነው። መርፌ የተወጋ ልጅ እያለቀሰ፣ ከኋላው ሰልፍ ተሠርቶ የሚደረግ ልየታ (ዕድገቱ የዘገየውን ልጅ የመለየት ሥራ) ሁለት ስሕተት ይሠራል፦ ጤነኛውን «ዘግይቷል» ይላል፣ ዝምተኛውን ደግሞ ያሳልፋል። ዝምተኛው ብዙ ጊዜ የማይሰማው ልጅ ነው፤ አያስቸግርማ።

ጅማ በልየታ ጉዳይ ባዶ እጇን አይደለችም። ዴንቨር ሁለት የሚባለው የሕፃናት ዕድገት መመዘኛ 125 ነጥቦች አሉት፤ በ4 ዘርፍ፣ ከልደት እስከ 6 ዓመት። የአሜሪካው ቅጂ ልጁ ለቁርሱ ሲሪያል (በወተት የሚበላ የታሸገ የእህል ምግብ) ያዘጋጃል ወይ ብሎ ይጠይቃል። የጅማ ልጅ ይህን ባያደርግ የዘገየው መመዘኛው ነው። ስለዚህ እዚሁ ጅማ ላይ ከአካባቢው ልጆች አስተዳደግ ጋር ተስማምቶ እ.ኤ.አ. በ2016 ታትሟል። በአግባቡ ለመጠቀም ግን የሠለጠነ ሰው፣ ጸጥ ያለ ክፍልና ጊዜ ይፈልጋል። ክፍሉ ያለው ትምህርት ቤት ነው።

ሁለተኛው ነጥቤ ይበልጥ ይከብደኛል። የሚሰማ ቤተሰብ ውስጥ የተወለደ መስማት የተሳነው ልጅ በቤቱ ቋንቋ የለውም። ባለሙያ በሳምንት አንድ ቀን መጥታ አሥር ምልክት ብታሳይ ቋንቋ አይሆንም። ቋንቋ የሚሆነው ልጆች እርስ በርስ በምልክት ሲጣሉ፣ ሲታረቁ፣ ሲቀልዱ ነው። የመጀመሪያዎቹ 5 ዓመታት ያለ ቋንቋ ካለፉ በኋላ ማካካሱ እጅግ ከባድ ነው።

ለዚህ የጅማን ማስረጃ ልጥቀስ። በከባድ የምግብ እጥረት ጅማ ሆስፒታል ተኝተው ለታከሙ ሕፃናት በጨዋታ የታገዘ ማነቃቂያ ተሰጥቷቸው፣ ከወጡም በኋላ ቤታቸው ድረስ ክትትል ተደርጓል። ጥሩ ሥራ ነበር። ጎልቶ የታየው ለውጥ ግን የእንቅስቃሴ ነው፤ የቋንቋ አይደለም።

ሲስተር፦

ልቅሶውን እቀበላለሁ። ስለዚህ የአንድ ቀን ውጤት ፍርድ አይሁን፤ የተጠረጠረው ልጅ ከ1 እስከ 2 ሳምንት ባለው ጊዜ፣ በልቶና ተኝቶ ሲነሣ ይደገም። በ32 ሳምንት እርግዝና ያለጊዜው የተወለደ ከሆነ እስከ 2 ዓመቱ ድረስ ከዕድሜው 8 ሳምንት ይቀነስለት። በጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ ላይ ሌላ ሸክም ይጨመር አላልኩም፤ እሷ ትጠቁም፣ ቤት የምትሄደው ለዚሁ ብቻ የተቀጠረች ሠራተኛ ትሁን። በቀን 4 ቤት፣ ለእያንዳንዱ 45 ደቂቃ፣ በሳምንት 20 ልጅ። ክረምት ላይ 15 ካዳረሰች ጎበዝ ናት። በቡና ለቀማ ወራት እናቶች ከቤት ስለሚወጡ ሰዓቱ ወደ ማለዳ ወይም ወደ ማታ ካልተዛወረ የተዘጋ በር ስታንኳኳ ትውላለች።

ስለ መስማት ግን መምህር ለእኔ ነው የተከራከሩልኝ። የታወቀው መርሕ 1፣ 3፣ 6 ነው፦ በ1 ወር ልየታ፣ በ3 ወር ምርመራ፣ በ6 ወር ድጋፍ። በ5 ዓመቱ ማዕከል የሚገባ ልጅ ከእነዚህ የትኛው ላይ ይደርሳል? የማስጀመሪያው ሥራ ቤት ነው፤ መግል የሚፈሰውን ጆሮ በቀን 3 ጊዜ በንጹሕ ጨርቅ ፍትል ማድረቅን ጨምሮ።

መምህር፦

ማዕከሉ በ5 ዓመት ይጀምር ያለው ማን ነው? በጉድኝት ማዕከሉ፣ ማለትም በዙሪያው ያሉትን ሳተላይት ትምህርት ቤቶች በሚያስተባብረው ትምህርት ቤት፣ አፀደ ሕፃናት ውስጥ ከ2 ዓመት ጀምሮ ከእናቱ ጋር በሳምንት ሁለት ጠዋት ይምጣ ነው የምለው። የዓለም ጤና ድርጅት ለዕድገት መዘግየትና ኦቲዝም ያዘጋጀው የወላጆች ሥልጠና እንኳ 9 የቡድን ስብሰባና 3 የቤት ጉብኝት ነው። ዘጠኙ በቡድን የሆነው በምክንያት ነው፦ ልጇን ጓዳ ደብቃ ያኖረች እናት ሌላዋን ስታይ ትተነፍሳለች። ቤት ለቤት ብቻ የሄድን እንደሆነ ልጁ ይረዳል፣ ግን ተደብቆ ይቀራል።

የማዕከሎችን ድክመት አልደብቅም። ዕቃው «ይበላሻል» ተብሎ ይቆለፍበታል። የልዩ ፍላጎት መምህሩ መደበኛ መምህር በጎደለ ቁጥር ወደ ሌላ ክፍል ይሳባል፣ ሳተላይት ትምህርት ቤቶችን የሚዞርበት ቀን ይቀራል። ስለዚህ የመደቡ መጠሪያ፣ የሚዞርበት ቀንና የመጓጓዣው ገንዘብ በበጀቱ ላይ ለየብቻ ይጻፉ።

ዕቃውን ደግሞ የጅማ እንጨት ሠራተኛ ይሠራዋል። በርጩማ የሚጠርብ እጅ ራሱን ችሎ መቀመጥ ለማይችል ልጅ የሚሆን የማዕዘን ወንበር አያቅተውም፦ ሁለት የጀርባ ጣውላ በ90 ዲግሪ ይገጣጠማል፣ ፊት ለፊት ጠረጴዛ ይቆማል፣ ከሥር የእግር ማሳረፊያ ይገባል። ዳሌው፣ ጉልበቱና ቁርጭምጭሚቱ በየፊናቸው 90 ዲግሪ ይሁኑ። ብዙውን ጊዜ የሚበላሸው ሁለት ቦታ ነው። መቀመጫው ሲረዝም ከጉልበት ኋላ ይጫንና ልጁ ወደ ፊት ይንሸራተታል፤ በመካከሉ ሁለት ጣት የሚያስገባ ክፍተት ይተው። ማሳረፊያው ሲዘነጋ ደግሞ እግሩ ተንጠልጥሎ መላ አካሉ ይገተራል። በካርቶንና በዱቄት ማጣበቂያ የሚሠራውም ጥሩ ነው፤ ግን የጅማ እርጥበት እንዳያላሽቀው በደንብ ደርቆ ቫርኒሽ ይቀባ።

ሲስተር፦

ወንበሩን ወድጄዋለሁ። ግን ማዕከል ቢቀመጥ ልጁ በሳምንት ሁለት ጠዋት ይቀመጥበታል፣ የቀረውን ቀን መሬት ይተኛል። 15 ኪሎ የሚመዝን፣ አንገቱን የማይችል ልጅ አዝላ ከዴዶ ወይም ከሰቃ ጨቆርሳ ገጠር በሐምሌ ጭቃ የምትመጣ እናት ስንት ሳምንት ትዘልቃለች? የመጀመሪያው ወንበር ቤት ይግባ። የመጀመሪያው ደመወዝ ለምትዞረዋ ሠራተኛ ይሁን። በመምህር ማዕከል ሰኞና ሐሙስ ጠዋት እሷ ትገኝ፤ በዚህ እስማማለሁ።

መምህር፦

ከተገኘች በእጇ ካርድ ይዛ ትምጣ። ጤና ጣቢያው የሚያውቀውን ትምህርት ቤት አያውቀውም፤ ልጁ ሲመዘገብ ሁሉም ከዜሮ ይጀመራል። የአሜሪካ ሕግ ልጁ ከተጠቆመበት ቀን ለእሱና ለቤተሰቡ የድጋፍ ዕቅድ እስኪወጣ 45 ቀን ይሰጣል፣ በ3 ዓመት ደግሞ ልጁን ለትምህርት ቤቱ ያስረክባል። እኛ ቀን የተቆረጠለት ርክክብ የለንም። አንድ ገጽ ይበቃል፦ ምን ይችላል፣ እንዴት ይቀመጣል፣ እንዴት ይበላል፣ በምን ይግባባል፣ ቤት ውስጥ የሚነገረው ኦሮምኛ ነው ወይስ አማርኛ። አንዱ ቅጂ እናቲቱ ጋ፣ አንዱ ጤና ጣቢያ፣ አንዱ አፀደ ሕፃናቱ ይቀመጥ። ደመወዙ ለማን ይቅደም በሚለው ላይ ግን ሲስተር አላሳመኑኝም። ያቺ ሠራተኛ በሥራ ላይ ስትቸገር የምትጠይቀው የልዩ ፍላጎት መምህር በጉድኝቱ ከሌለ በ20 ቤት ውስጥ ብቻዋን ነች።