ድንኳኑ የረሃብ አድማ ላይ ነው

ባለፈው ቅዳሜ የእድራችን ወርኃዊ ስብሰባ በቁም ተካሄደ። 60 የፕላስቲክ ወንበርና አንድ ትልቅ ድንኳን ያለው እድር አባላት፣ በቱሉ ዲምቱ ፀሐይ የኮንዶሚኒየም ግድግዳ ተደግፈው ስለ መዋጮ ሲከራከሩ ያየ ሰው ሊስቅ ይችላል። ጉልበቱን የሚያመው ሰው ግን አይስቅም። እኔ ጉልበቴን ያመኛል። የንብረት ክፍሉ ሲከፈት የተገኘው አንድ ጎላ ድስትና እግሩ የተሰበረ አግዳሚ ብቻ ነበር። ንብረት ያዡ ጉሮሮውን ጠረገና «ድንኳኑ የረሃብ አድማ ላይ ነው» አለን።

እውነቱን ነበር። ሚኒባሶቹ በሚዞሩበት ሜዳ ላይ ድንኳናችን ተተክሏል። በወንበሮቻችን ላይ ሰባት ሰዎች ተቀምጠዋል፤ 53ቱ ወንበር ሕዝቡን ይጠብቃል። የፓርቲው ስም ይቅርብኝ። ተቃዋሚ ነው፤ ከ2010 ዓ.ም. ወዲህ «ተፎካካሪ» መባል ቢጀምሩም ይህኛው የሚፎካከረው ከማን ጋር እንደሆነ ለማወቅ ቸግሮኛል። ስለ ሰፈራችን የውሃ ችግር ከጠዋቱ 3 ሰዓት እስከ ቀኑ 9 ሰዓት እንደሚራብ በድምፅ ማጉያ ያውጃል። ስድስት ሰዓት ሙሉ! መታወቂያ ለማሳደስ ተሰልፌ ከዚህ የረዘመ ረሃብ ተርቤ አውቃለሁ፤ ፎቶ ያነሳኝ ግን የለም።

የቀን አመራረጣቸውስ? ዘንድሮ ሁዳዴና ረመዳን ገጥመዋል። እንዲህ ባለ ሰሞን በእኛ ሰፈር ዜና የሚሆነው የሚበላ ሰው እንጂ የማይበላ ሰው አይደለም። ከእኛ ብሎክ ምድር ላይ የሚኖሩት እማማ 55ቱን ቀን አንድ ሳያጎድሉ ይጾማሉ፤ እስከ ዛሬ መግለጫ አልሰጡም። ከቅዳሴ ሲመለሱ ድንኳኑን አይተው ነጠላቸውን ለለቅሶ ማዘቅዘቅ ጀመሩ።

«ልጄ፣ ማን ሞቶ ነው?»

«ማንም አልሞተም እማማ፤ አንበላም ብለው ነው።»

«ቅዳሜ?» አሉ ደንግጠው። «ቅዳሜ እኮ ከጥሉላት እንጂ ከእህል ውሃ አይጾምም! ምነው፣ የንስሐ አባት የላቸውም?»

ባለ ሱቁ ጎረቤታችን ደግሞ ረመዳንን ይዟል። ከንጋት ጀምሮ ጠብታ ውሃ በአፉ አልዞረም። አድመኞቹ የታሸገ ውሃ የሚገዙት ከእርሱ ነው። አራተኛውን እሽግ ተሸክሞ ሲያወጣላቸው ከንፈሩ ደርቆ አየሁት።

በሕግ ከሄድን ደግሞ አንድ አገር አቀፍ ፓርቲ ለመመዝገብ 10,000 መሥራች አባላት ያስፈልጉታል። ሰባቱን አይቻለሁ፤ የቀሩት ምናልባት ቤታቸው ሆነው ይራባሉ። አዋጅ ቁጥር 3/1983 ሰላማዊ ሰልፍ የሚያደርግ ሰው ከ48 ሰዓት በፊት በጽሑፍ ያሳውቅ ይላል። ተቃዋሚዎቻችን «ማሳወቅ ነው እንጂ ማስፈቀድ አይደለም» እያሉ ከመንግሥት ጋር ስንት ዘመን ተከራክረዋል። እድራችንን ግን አላሳወቁትም፣ አላስፈቀዱትም። የድንኳኑን ኪራይ ቢጠየቁ «ከድሉ በኋላ» አሉ አሉ።

«ከበሮ በሰው እጅ ያምር፣ ሲይዙት ያደናግር» የሚለውን ተረት እወደዋለሁ። ባለቤቴ በቀን ሦስት ጊዜ ትተርተዋለህ ትለኛለች፤ ውሸቷን ነው፣ ከሁለት አይበልጥም። የምወደው ደግሞ ከበሮውን ራሴ ይዤ ስላየሁት ነው። የብሎካችን ኮሚቴ የውሃ መሳቢያውን ሞተር አላስጠገነም ብዬ ሁለት ዓመት ሙሉ ደረጃ ላይ ቆሜ ጮኼያለሁ። አንድ ጊዜ እንዲያውም ባዶ ጄሪካን አንጠልጥዬ ስብሰባ ገባሁና ጠረጴዛው ላይ ደፋሁት። ጭብጨባው ቤቱን ነቀነቀው። መረጡኝ። በተመረጥኩ በሦስተኛው ሳምንት ስለ ሞተሩ የማውቀው ነገር ቢኖር እጅግ ከባድ መሆኑን ብቻ ነበር። አንድ ቀን ማታ በሬ ተንኳኳ፤ አራተኛ ፎቅ ያለችው ነርስ ባዶ ጄሪካን ይዛ ቆማለች። «ይድፉት እንጂ ጋሼ» አለችኝ።

ትልቁ ከበሮ ግን የተሰጠው በ1997 ዓ.ም. ነው። ቅንጅት ከአዲስ አበባ ምክር ቤት 138 መቀመጫዎች 137ቱን አሸነፈ። ከዚያ በላይ ከበሮ ከየት ይመጣል? እንረከብ አንረከብ፣ ፓርላማ እንግባ አንግባ ሲባል ከተማዋ ሳትረከብ ቀረች። አውቃለሁ፣ መሪዎቹ ታሰሩ፤ በሰኔም ከዚያም በጥቅምት ሰው ሞተ። በዚያ አልቀልድም።

የምቀልደው በመሰላሌ ነው። ያኔ የምኖረው ካዛንቺስ ነበር። በምርጫው ሰሞን አንድ ወጣት፣ የየትኛው ፓርቲ እንደነበር ይቅር፣ ፖስተር ልስቀልበት ብሎ የባሕር ዛፍ መሰላሌን ተዋሰኝ። አባቴ በእጁ የሠራው፣ ባለ ዘጠኝ እርከን መሰላል ነው። «ነገ ጠዋት እመልሳለሁ ጋሼ» አለ። ከዚያ ወዲህ ልጁ ሦስት ፓርቲ ቀይሯል፤ ሸብቷልም። በቴሌቪዥን ብቅ ብሎ «ሰላማዊ የሥልጣን ሽግግር» ባለ ቁጥር ለእኔ የሚታየኝ ዘጠኙ እርከን ነው። በዚያው ዓመት ለኮንዶሚኒየም ተመዝግቤ ነበር። ከስንት ዘመን በኋላም ቢሆን ቤቱ ደረሰኝ፤ መሰላሉ አልደረሰኝም።

ገዢውን ለምን አትናገርም የሚለኝ አይጠፋም። ኢሕአዴግና አጋሮቹ በ2007 ዓ.ም. 547ቱንም መቀመጫ ጠራርገው ሲወስዱ፣ በ2013ቱ ምርጫ ደግሞ ብልጽግና ድምፅ ከተሰጠባቸው 436 መቀመጫዎች 410ሩን ሲያገኝ፣ ሜዳው ለሁሉም እኩል ነበር ብዬ የምምል ሰው አይደለሁም። አዳራሽ የተነፈገ ፓርቲ ድንኳን ቢዋስ አይገርመኝም። እኔን ያንጨረጨረኝ ሌላ ነው። ካሜራው ሊመጣ ሲል እነዚህ ሰዎች ወደ ቦኖው ሄደው ከወረፋው ላይ ቢጫ ጄሪካኖች እያነሱ አመጡና ከኋላቸው ደረደሩ። ያምር ነበር፣ አልዋሽም። ሊቀ መንበሩ እጁን በአንዱ ጄሪካን ላይ ጭኖ ስለ ሕዝቡ ጥም ተናገረ። ካሜራው ሲሄድ ጄሪካኖቹ እዚያው ቀሩ። ወደ ተራቸው የመለሳቸው አልነበረም። የእማማ ጄሪካን አምስተኛ ነበር፤ ፈልገው አግኝተው ሲመልሱት መጨረሻ ላይ ሆኑ። ያን ዕለት ውሃው እርሳቸው ጋ ሳይደርስ ሄደ። ከዚያ ወዲያ ፈረቃችን በሦስተኛው ቀን ነው። ስለ ውሃ የተደረገ አድማ በሰፈራችን ላይ ያመጣው ለውጥ ይህ ነው፤ አንዲት ባልቴት ውሃ አጡ!

ሰባት ሰዓት ላይ፣ ገና ሁለት ሰዓት ሲቀረው፣ አድማው «በታላቅ ድል» ተጠናቀቀ ተባለ። ወዲያው የሽሮ ሽታ መጣ።

ወደ ጀመርኩት ልመለስና፣ ወንበሮቹ ማክሰኞ ተመለሱ። 57 ናቸው። ሦስቱን ንብረት ያዡ ይጠይቅ፤ እኔ መሰላል የማሳደድ ልምድ እንጂ ወንበር የማሳደድ ልምድ የለኝም። ድንኳኑም ተመልሷል፤ ግን በግንባሩ ላይ በቀይ ቀለም፣ በክንድ ቁመት፣ «አንበረከክም» ተብሎ ተጽፎበታል።

ትናንት ንጋት ላይ የእድሩ ጥሩንባ ተነፋ። ካህናት ፍትሐት ሊያደርሱበት፣ ሰው ሊንበረከክበት እንዲህ የሚል ድንኳን እንዴት ይተከላል ተባለና ንብረት ያዡ በነጭ ጋዝና በጨርቅ ሲፈትግ አረፈደ። ከፊቱ «አን» ለቀቀ፤ ከኋላው «ክም» ለቀቀ። መሃሉ አልለቅ አለ። ሰዓቱ ስለደረሰ እንዳለ ተተከለ።

እማማ ከወንበሮቻችን በአንዱ ላይ ተቀምጠው ቀይ ፊደሎቹን አንድ በአንድ ቆጠሩና ወደ እኔ ዘንበል አሉ።

«በረከት ሊሉ ነው መሰለኝ» አሉ። «ቀለሙ አልቆባቸው ይሆናል።»