ሰማዩን ያልዘጋውስ አይጠየቅም?

ያነበብኩት ጽሑፍ በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ ላይ ስለተመታው የማሌዢያ የመንገደኛ አውሮፕላን፣ ስለ ኤምኤች17፣ ሲያነሳ «አብራሪዎቹ ጦርነት ባለበት ሰማይ ምን ወሰዳቸው?» ማለቱ በጣም አሳዝኖኛል። አብራሪ እኮ የተፈቀደለትን መስመር ነው የሚይዘው። ዩክሬን ከሦስት ቀን በፊት የዘጋችው ከ32 ሺህ ጫማ በታች ያለውን ብቻ ነበር፤ ቦይንጉ በ33 ሺህ ጫማ ላይ ነበር። በዚያው ዕለት፣ ጁላይ 17 ቀን 2014 እ.ኤ.አ.፣ ወደ 160 የሚጠጉ የመንገደኛ አውሮፕላኖች በምሥራቅ ዩክሬን ሰማይ አልፈዋል። ሁሉም ተሳስተው ነው?

አውሮፕላኑን ለመታው ቡክ ለተባለው፣ ከምድር ወደ አየር ለሚተኮስ ሚሳኤል የአንድ ሺህ ጫማ ልዩነት ምኑ ነው? ከአንድ የኮክፒት ሠራተኛ አስከሬን የወጣችውን ብረት ፎቶ አይቻታለሁ፤ መሃሏ ቀጠን፣ ሁለት ጫፏ ሰፋ ያለች ትንሽ ቁራጭ። እሷን የመሰሉ በሺዎች የሚቆጠሩ ብረቶች ናቸው ከሚሳኤሉ የተረጩት።

298 ሰው አለቀ፤ 80ዎቹ ሕፃናትና ልጆች ነበሩ። አስከሬናቸው የሱፍ አበባ ማሳ ላይ ቀናት አደረ። የኔዘርላንድ ፍርድ ቤት በ2022 እ.ኤ.አ. ሦስት ሰዎችን በሌሉበት ዕድሜ ልክ ፈረደባቸው፤ አንዳቸውንም ግን ለዚህ ወንጀል አሳልፎ የሰጠ የለም። እባካችሁ ጥያቄውን ለተኳሾቹና ሰማዩን ክፍት ለተዉት አቅርቡ፣ ለሞቱት አብራሪዎች አይደለም።