በስግድ ቀን ኦሪቱ በዕብራይስጥም ይተርጎም

በኢየሩሳሌም አርሞን ሃናጺቭ ኮረብታ ላይ የቤተ እስራኤል (የኢትዮጵያ አይሁዶች) የጾምና የጸሎት በዓል የሆነው ስግድ ሲከበር ቄሶቹ ባለ ቀለም ጃንጥላቸውን ዘርግተው ኦሪቱን በግዕዝ ያነባሉ። ከፊታቸው የቆመው፣ እስራኤል ተወልዶ ያደገው ወጣት ግን የሚነበበው አይገባውም። ይህ መታረም አለበት።

ቤተ እስራኤል ጎንደር ሳሉ እንዲህ አልነበረም። አምቦበርን በመሳሰሉ መንደሮች ሕዝቡ በዋዜማው ወንዝ ወርዶ ገላውንና ልብሱን ያጥባል፤ ሲነጋ እህል ሳይቀምስ ተራራ ይወጣል። ብዙዎች ለትሕትና ድንጋይ ይሸከማሉ። ከላይ ሲደርሱ የሲና ቃል ኪዳን ከዘጸአት፣ ከዚያም መጽሐፈ ነህምያ በግዕዝ ይነበባል፤ አንዱ ቄስ እየተከተለ በአማርኛ ወይም በትግርኛ ይተረጉማል። ሕዝቡ የሚናዘዘውና ወደ ኢየሩሳሌም አቅንቶ የሚሰግደው የሰማውን ይዞ ነው። ከቀትር በኋላ እየዘመሩ ይወርዱና ዳቦው ተባርኮ ጾሙ ይፈታል።

ሥርዓቱ የተቀዳው ከነህምያ ነው። በምዕራፍ 8 ዕዝራ ሕጉን ሲያነብ ሌዋውያኑ ለሕዝቡ ያስተውሉታል፤ በምዕራፍ 9 ሕዝቡ ጾሞ የቀኑን ሩብ በንባብ፣ ሌላውን ሩብ በኑዛዜና በስግደት ያሳልፋል። ትርጓሜውን ያስቀረ ከበዓሉ አካል ቆርጧል።

ስለ ቀኑ ክርክር የለም። የእስራኤል ፓርላማ ክኔሴት በ2008 እ.ኤ.አ. ባወጣው ሕግ ስግድ በአይሁድ አቆጣጠር ሔሽቫን በተባለው ወር በ29ኛው ቀን የሚከበር ብሔራዊ በዓል ሆኗል። የስርየት ቀን የሆነውን አስተሥርዮን (ዮም ኪፑርን) ራሱን አንድ ብሎ ለሚቆጥር 50ኛው ቀን ነው፤ ከማግስቱ የጀመረ በአንድ ቀን ይስታል። 29ኛው ቀን በቅዳሜ ሰንበት ላይ ሲውል፣ በ2024 እ.ኤ.አ. እንደሆነው፣ በዓሉ ወደ ሐሙስ ይቀደማል።

አሁን የሚያስፈልገው በግዕዝ ከሚያነበው ቄስ ጎን፣ በዚያው ድምፅ ማጉያ፣ በዕብራይስጥ የሚተረጉም ሰው ማቆም ነው። በየሁለት ሦስት ቁጥሩ ይቁም፤ ማጠቃለያው መጨረሻ ላይ ይሰጥ ከተባለ ሕዝቡ ወደ ምግቡ ተበትኖ ይገኛል። ጊዜ ከጠበበ ዘጸአት 19 እና 20፣ ነህምያ 9 ይበቃሉ። የባለሥልጣናት ንግግር ጸሎቱን እንዳያቋርጥ ከጾም መፍቻው በኋላ ይሁን። በትምህርት ቤቶችም ዳቦና እስክስታ ብቻ ከሚቀርብ፣ ነህምያ 9 ከበዓሉ በፊት በነበረው ሳምንት በክፍል ይነበብ፤ ልጆቹ ኮረብታው ላይ ሲቆሙ ቄሱ የትኛው ቁጥር ላይ እንደደረሰ መከተል ይችላሉ።