ኢንሹራንስ ለሌለው ሰው የጥርስ ህክምና
ስለ ጥርስ ህክምና ያነበብኩት አንድ ጽሁፍ ኢንሹራንስ የሌለው ሰው በየክሊኒኩ ደውሎ ዋጋ ያወዳድር ይላል፣ ጥሩ ነው ግን በስልክ የሚነግሯችሁ የካርድና የምርመራውን ነው እንጂ አፋችሁን ሳያዩ የሙሉውን ከየት ያመጡታል? እኔ የምለው የጥርስ ሀኪም የሚያሰለጥን ዩኒቨርሲቲ ካለ መጀመሪያ እዛ ሞክሩ፣ አብዛኛውን ጊዜ ይረክሳል፣ ተማሪ ነው የሚሰራው ብላችሁም አትፍሩ፣ አስተማሪው መጥቶ እያየ ነው የሚቀጥለው። ችግሩ ጊዜ ነው፣ ሌላ ቦታ ቶሎ የሚያልቀው እዛ ግማሽ ቀን አፍ ከፍቶ መቀመጥ ነው ሃሃ። ራጅ ከተነሳችሁ ደግሞ ኮፒውን ተቀበሉ፣ ሌላ ሀኪም ጋ ስትሄዱ ድጋሚ ከመክፈል ሊያድናችሁ ይችላል። የቱ አስቸኳይ ነው የቱስ ይቆያል ብላችሁ ጠይቁ፣ ትንሽ ቀዳዳ ግን በማስታገሻ እያባበላችሁ አታቆዩ፣ ነርቩ ጋ ከደረሰ በሙሌት የሚያልቀው ነገር ሩት ካናል (የጥርሱን ነርቭ አውጥቶ ውስጡን አጽድቶ መሙላት) ከዛ ክራውን (ጥርሱን የሚሸፍን ቆብ) ይሆናል፣ ዋጋው በጭራሽ አይገናኝም።