ለተከበሩ የዱቄት ነቀዝ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ ያለ ኪራይ ውል በፋብሪካችን ስለመኖርዎ

የተከበሩ የዱቄት ነቀዝ ሆይ፣

በቅድሚያ የከበረ ሰላምታዬን አቀርባለሁ። ይህ ደብዳቤ የሚደርስዎ ድሬዳዋ፣ ስሙን በማልጠራው የዱቄትና የፓስታ ፋብሪካ፣ ከወንፊቱ ሥር፣ ማንም መፍቻ ይዞ ደርሶባት በማያውቃት ጥግ ነው። አድራሻዎን ያገኘሁት በሥራዬ ምክንያት ነው። ጥራት ቁጥጥር ነኝ። ፋብሪካው ውስጥ መኖርዎን በይፋ የማምን ብቸኛው ሰው እኔ ነኝ ማለት ይቻላል። ሌላው ሁሉ ያይዎታል፣ ግን አላየሁም ይላል።

አቦ ይቅርታ፣ ይሄ "እርስዎ" አላስኬደኝም። ድሬ ላይ ትልቁም ትንሹም "አንተ" ነው። ቁመትህ 4 ሚሊሜትር እንኳ በቅጡ አይሞላም። ፎርማኑ "አንቱ" ስልህ ቢሰማኝ ቀኑን ሙሉ ነው የሚስቅብኝ። ስለዚህ አንተ ልበልህ።

መጀመሪያ ስለ ከተማ ምርጫህ ላድንቅህ። ከ20 ዲግሪ በታች ሲሆን ልጅ ማሳደግ እንደማይሆንልህ አውቃለሁ። የምትወደው ከ30 በላይ ነው። ድሬ ደግሞ 1200 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ያለች፣ በዚህ በኩል እንግዳ የማታሳፍር ከተማ ናት። እኛ የከዚራ ዛፍ ጥላ ስንፈልግ አንተ ከሞተሩ አጠገብ ትሞቃለህ። ከሰዓት በኋላ ሰው በሩን ገርበብ አድርጎ በርጫ ሲቀመጥ አንተ አትቀመጥም። በ35 ዲግሪ ገደማ እንቁላል የነበረው ልጅህ በ3 ሳምንት ጎረምሳ ይሆናል። ሚስትህ በዕድሜዋ በመቶዎች የሚቆጠር እንቁላል ትጥላለች። እንቁላሉ ተጣባቂ ስለሆነ ዱቄት ለብሶ፣ ዱቄት መስሎ ይቀመጣል። አንተ ራስህ ከተመቸህ ከአንድ ዓመት በላይ ትኖራለህ። እኛ ጋ በኮንትራት የተቀጠረ ሰው ይህን ያህል ቆይቶ አያውቅም።

አመጣጥህም ቢሆን የሚደነቅ ነው። ከድሬ የሚወጣ መንገደኛ ታይዋን ከሚባለው የድሬ ገበያ የገዛትን ብርድ ልብስ ኬላ ላይ ሲያስፈትሽ ይውላል። አንተ በጆንያው ስፌት ውስጥ ተኝተህ ገባህ። ያለፈው ጭነት የተረፈው ብናኝ ባልተጠረገ የጭነት መኪና ወለል ላይም ትመጣለህ። ከደንበኛ ተመልሶ በመጣ ዱቄትም እንዲሁ። ይሄኛው የክብር አገባብህ ነው፣ በገቢ ደረሰኝ።

አንድ ነገር ግን በግልጽ እንነጋገር። ጥርስህ ደካማ ነው። ጤነኛ፣ ያልተሰበረ የስንዴ ፍሬ አያሸንፍልህም። ያ የዘመድህ ሥራ ነው፣ የባለረጅም አፍንጫው። ሚስቱ ፍሬውን በስታ እንቁላሏን ትከትና ትደፍነዋለች፣ ልጁ ውስጥ ሆኖ በልቶ እስኪወጣ ድረስ ከውጭ የሚያየው የለም። አንተ የምትፈልገው ስባሪና ዱቄት ነው። ያንን ደግሞ ማን ያዘጋጅልሃል? እኛ። በሦስት ፈረቃ፣ መብራት ካልጠፋ በቀር ሳናቋርጥ እንፈጭልሃለን።

ከፈጨንልህም በኋላ እናደርስልሃለን። እኛ ጋ ጽዳት ማለት የኮምፕሬሰር ጎማ ነው። ፈረቃው ሲያልቅ አንዱ ጎማውን ይይዝና ይነፋል። ወለሉ ያበራል፣ ፎርማኑ ይረካል። ዱቄቱ ግን የትም አልሄደም። ወደ ላይ ነው የወጣው። የጣሪያው ብረት ላይ አረፈ፣ የኤሌክትሪክ ገመዱ መደርደሪያ ላይ አረፈ፣ የማሽኑ ሳጥን ውስጥ ገባ። እንቁላልህም አብሮ። በእግርህ ብትሞክረው ዕድሜህን የሚበላውን መንገድ በአንድ ንፊያ ጨረስከው፣ ያውም ከነስንቅህ። የዱቄት ብናኝ አየር ላይ ሞልቶ ብልጭታ ካገኘ ፋብሪካ እንደሚያፈነዳ ለጊዜው እንተወው፤ የዛሬው ጉዳያችን አንተ ነህ። የሚመጥ ማሽን ይገዛ ብዬ ማመልከቻ ጽፌአለሁ። ቫኪዩም፣ ሌላ ምንም አላልኩም። "በሂደት ላይ ነው" ተብያለሁ። የአንተ ልጆች የልጅ ልጅ አይተዋል፣ ሂደቱ ግን አሁንም በሂደት ላይ ነው።

ኦዲት የሚመጣበት ዋዜማ ሲሆን ደግሞ ያምርብናል። ግድግዳ ይቀባል። አዲስ ጋውን ይታደላል። ፀጉር መሸፈኛው ለሥራ አስኪያጁ ራሰ በራ ጭምር ይደርሳል። ማታ ፍሊት ይነፋል፣ ጭጋጉ አዳራሹን ይሞላል። ያ ጭጋግ የሚያርፈው ላይ ላዩን ነው፤ የሚገድለውም መንገድ ላይ ያገኘውን ነው። አንተ ዱቄቱ ውስጥ ገባ ብለህ ካደርክ ወሬውን የምትሰማው ጠዋት ነው። ጠዋት ጥቂት ሬሳ ይጠረግና "ጨረስናቸው" ይባላል።

ወጥመድም ነበረን። የራሳችሁን ጠረን የያዘች ትንሽ ካርቶን፣ ስንታችሁ የት እንዳላችሁ የምትጠቁም። እሷን ነበር የማምናት። አንድ ቀን ሄጄ ባያት የለችም። ለምን ተነሳች ብል መልሱ ምን ቢሆን ጥሩ ነው? "ነቀዝ እየያዘች አስቸገረች፣ ኦዲተር ቢያያት ነቀዝ አለባቸው ይለናል።" ወላሂ ይህን የፈጠርኩት አይደለም።

ወደ ከባዱ መሣሪያ እንምጣ፣ ወደ ፎስቶክሲን። እንክብሉ ከአየሩ እርጥበት ጋር ሲገናኝ ፎስፊን የሚባል ጋዝ ይወጣዋል። በደንብ በታሸገ ቦታ፣ በቂ ቀን ከተሰጠው፣ አንተንም እንቁላልህንም አይምርም። "በደንብ በታሸገ" እና "በቂ ቀን" የሚሉት ላይ ነው የእኛ ፋብሪካ የሚያነቅፈው። የቀደደ ሸራ ይለበሳል። ቅዳሜ ማታ ይደረጋል፣ ሰኞ ጠዋት ምርት አለ ተብሎ ይገለጣል። አዋቂው ይሞት ይሆናል፤ እንቁላሉ ጋዙን ከአዋቂው የበለጠ ይቋቋማልና ይተርፋል። ከግማሽ መጠን የተረፈው ደግሞ የሚወልደው የለመደውን ነው። ፎስፊንን የለመዳችሁ ዘሮች እንዳላችሁ የዓለም የምግብና እርሻ ድርጅት ያወቀው ገና በ1970ዎቹ ነበር፣ እንደ ፈረንጆቹ። እናንተ በየሰኞው ኮርስ ስትወስዱ እኛ የስልጠና በጀት እንጠይቃለን።

እዚህ ላይ ቀልዱን ልተወው። ይህን እንክብል ከሥራ ቦታ እየያዘ ወደ ቤቱ የሚወስድ ሰው አለ። በቆሎው ማዳበሪያ ውስጥ ጣል አድርጎ ማዳበሪያውን አልጋው ሥር ይገፋዋል። ወንድሜ፣ ጋዙ ቀለም የለውም፤ ነቀዝና ልጅ አይለይም። ሰው በሚተኛበት ቤት አይደረግም። በቃ።

ድሮ ሜቲል ብሮማይድ የሚባል ፈጣን ገዳይ ነበረ። የኦዞን ሽፋኑን ይበላል ተብሎ በሞንትሪያል ስምምነት ለዚህ ዓይነቱ የፋብሪካ ሥራ ቀረ፤ ባደጉት አገሮች በ2005፣ እንደኛ ባሉት በ2015። ሌላው መንገድ ሙቀት ነው። አዳራሹን ከ50 እስከ 60 ዲግሪ አሙቆ ለአንድ ቀን ያህል ማቆየት። ይህን በስብሰባ ላይ ባነሳ አንዱ ኃላፊ ምን አለ? "ድሬ ላይ ሆነን ለሙቀት ገንዘብ እንከፍላለን?" ጭብጨባ ነበር። አንተም ከወንፊቱ ሥር ሳታጨበጭብ አልቀረህም። የድሬ ሙቀት እኮ ላንተ ገና ምቾት ነው።

ጎረቤቶችህንም ልጠይቅህ። በረሮ እንዴት ናት? ከማሸጊያ ክፍሉ ካርቶን ውስጥ እንዳልወጣች አውቃለሁ። ያቺ ትንሿ ቡናማዋ 30 እና 40 እንቁላል በአንድ ከረጢት አዝላ፣ ሊፈለፈል እስኪቃረብ ድረስ አታወርደውም። አንዳንዶቹ ዘመዶቿ ደግሞ መርዙ የሚለወሰው በጣፋጭ መሆኑ ስለገባቸው ግሉኮስ መቅመስ እርም ብለዋል አሉ። እኛ ሐኪም ለምኖን ያልተውነውን። ለዝንብ የሰቀልነው ሰማያዊ መብራትም አለ። የሰቀልነው በበሩ ትይዩ ነው፣ ደጅ ያለችው ሁሉ አይታው እንድትገባ። ከሥሩ የማሸጊያው ጠረጴዛ አለ። መብራቱ ዝንቧን ጠሽ ሲያደርጋት ክንፏ የት እንደሚያርፍ አንተው ገምት።

አሁን ቅሬታዬን ልናገር። መብላትህን እንኳ ችዬዋለሁ። የምትተወው ጠረን ነው ያቃጠለኝ። ስትበዛ የምትለቀው ኬሚካል ዱቄቱን ወደ ሮዝ ቀለም ይወስደዋል፣ ይሸታል፣ ሊጡም አይሆንም። ዱቄቱ ታሽጎ ይወጣና አንዲት እናት ለጠዋት ፈቲራ ትለውሰዋለች። ሊጡ እምቢ ሲላት የምትረግመው ባለሱቁን ነው። ባለሱቁ አከፋፋዩን ይረግማል። አንተ ዘንድ የሚደርስ እርግማን የለም፣ ሥራ አስኪያጁ ዘንድም እንዲሁ።

ስለዚህ ልቀቅ። እንዴት እንደምትለቅም አውቃለሁ፤ አንተም ታውቃለህ፣ ለዚህ ነው ቫኪዩም ሲነሳ ዝም የምትለው። ጎረምሳ ለመሆን 3 ሳምንት ያስፈልግሃል። እያንዳንዷ የሞተች ጥግ፣ እህሉን ወደ ላይ የሚያወጣው የኤሌቫተሩ እግር፣ የኮንቬየሩ ጫፍ፣ የወንፊቱ ሥር፣ በየሳምንቱ ተከፍታ ከተመጠጠች እዚያ የተፈለፈለ ልጅህ ለወግ ማዕረግ አይደርስም። ጆንያው ከግድግዳው ግማሽ ሜትር ያህል ራቅ ብሎ ፓሌት ላይ ከተደረደረ፣ ቀድሞ የገባው ቀድሞ ከወጣ፣ ተመላሽ ዱቄት ለብቻው ከታሰረ፣ መጠጊያህ ይጠባል። ፎስቶክሲኑም ያኔ ዋጋ ይኖረዋል።

ችግሩ ጥግ ለመክፈት መፍቻ ያስፈልጋል። መፍቻው ቴክኒክ ክፍል ነው። ቴክኒክ ክፍል ማሽን የሚያቆመው ምርት ክፍል ሲፈቅድ ነው። ምርት ክፍል ወርሃዊ ዕቅዱን ሳያሟላ አይፈቅድም። ዕቅዱ የማይሟላው ደግሞ ወንፊቱ እየተደፈነ ስለሚቆም ነው። ወንፊቱን የሚደፍነው፣ ከይቅርታ ጋር፣ እጭህና የተጣለ ቆዳህ ያለበት ዱቄት ነው። ስለዚህ በደንቡ መሠረት እንድትለቅ መፍቀድ ያለብህ አንተው ነህ። ፈርመህ ላክልኝ።

ከሠላምታ ጋር
ጥራት ቁጥጥር

ግልባጭ፦
ለበረሮ፣ ማሸጊያ ክፍል
ለኮምፕሬሰሩ
ለግዥ ክፍል፦ የቫኪዩሙ ፕሮፎርማ ያለበት ፋይል ሲከፈት ከመሐሉ አንድ ነቀዝ በሕይወት ስለወጣ፣ ፋይሉ ይራገፍ