ለተከበሩ ወደ ሥራ መሄጃ መንገድ፤ ባሉበት

ጉዳዩ፦ በየቀኑ ከጊዜዬ 3 ሰዓት እንዲሰጥዎት ስለጠየቁት

ጤና ይስጥልኝ። ዕድሜ ይስጥልኝ ግን አልልዎትም። የእኔን ሊወስዱ ተዘጋጅተው ሳለ ሌላ ልመርቅልዎት?

«ባሉበት» ያልኩት የደብዳቤ ወግ ሆኖብኝ ነው እንጂ መገኛዎ ጠፍቶኝ አይደለም። ሰኞ ጠዋት ከመብራቱ እስከ አደባባዩ ተዘርግተው ነበር። ማክሰኞም እዚያው ነበሩ። ዛሬም ሰው ልኬ ባስጠይቅ ንቅንቅ እንዳላሉ እርግጠኛ ነኝ።

እኔን ላያስታውሱኝ ይችላሉ። ከሾፌሩ ኋላ ሦስተኛው ወንበር ላይ፣ መስኮቱን ተደግፋ በየሁለት ደቂቃው ሰዓቷን የምታየዋ ሴት ነኝ። አዎ፣ አውቶቡሱ ውስጥ ሁሉም ሰው እንደዚያ ነበር የሚያደርገው።

ነገሩ እንዲህ ነው። ሥራ አገኘሁ፤ መሥሪያ ቤቱ ግን ከእርስዎ ማዶ ነው። ደህና ሥራ ነው። ደመወዙ አሁን ከማገኘው በ30 በመቶ ይበልጣል። የመደቡ ስም ብቻ ሁለት መስመር ይፈጃል። እናቴ በስልክ ስነግራት ሁለቴ አስደገመችኝና «ለጎረቤት እንድናገረው አጠር አድርጊልኝ» አለች።

ቃለ መጠይቁ ላይ አራት ሰዎች ተቀምጠው ነበር። አንደኛው «ከአምስት ዓመት በኋላ ራስዎን የት ያገኙታል?» አለኝ። እኔም ስለ ዕድገት፣ ስለ ኃላፊነት ደሰኮርኩ። ትክክለኛው መልስ «መንገድ ላይ» ነበር።

ስለ እርስዎ ግን ማንም ትንፍሽ አላለም። ሁሉ ነገር አልጋ በአልጋ ሆኖ ተነገረኝ። የቅጥር ደብዳቤው ላይም ስምዎ የለም። የሙከራ ጊዜ አለ። ሕክምና አለ። 20 ቀን የዓመት ፈቃድ አለ። ከንጋቱ 12 ሰዓት ከ15 እስከ ጠዋቱ 2 ሰዓት የማን ተቀጣሪ እንደምሆን የሚገልጽ አንቀጽ ግን የለም። ሁለት አለቃ ሊኖረኝ ነው ማለት ነው። አንዱ ይከፍላል፣ አንዱ አይከፍልም። የማይከፍለው ደግሞ ቀድሞ ያስገባኛል፣ ዘግይቶ ያስወጣኛል።

አንድ ቂምም አለኝ። የእሑዱን አልረሳውም። ከመወሰኔ በፊት ልይዎት ብዬ እሑድ ከሰዓት ከባለቤቴ ጋር መጣን። እንዴት ያለ አቀባበል! መብራቱ ሁሉ አረንጓዴ፣ መንገዱ ጭር ያለ፣ እግረኛው እንኳ ጨዋ። በ35 ደቂቃ ደረስን። ባለቤቴ መሪውን በአንድ እጁ ይዞ «ይሄማ ምን አላት?» አለ። እኔም አመንኩ። ቤት እንደሚያከራይ ደላላ ጉድዎን ከጀርባዎ ደብቀው እንደቆሙ ያወቅኩት በማግስቱ ነው።

ሰኞና ማክሰኞ ከአሁኑ ሥራዬ ፈቃድ ወሰድኩ። (አዎ፣ የዓመት ፈቃዴን ትራፊክ ለመጎብኘት ተጠቀምኩበት። ይህን ለማንም አልነገርኩም።) ልክ ሥራ እንደሚገባ ሰው ለብሼ፣ ቦርሳዬን ይዤ ወጣሁ። እናቴ በማለዳ ደውላ «መንገዱን ጨርቅ ያድርግልሽ» ብላ መርቃኛለች። ጨርቅ አልሆኑልኝም። ጨርቄን ሊያስጥሉኝ ግን ጥቂት ነበር የቀረዎት።

ሰኞ 1 ሰዓት ከ45 ደቂቃ ፈጀሁ። ማክሰኞ 1 ሰዓት ከ15። ያው መንገድ፣ ያው አውቶቡስ፣ ያው ሰዓት። ርዝመትዎን እንኳ በግድም ቢሆን እችለው ነበር። ጠባይዎን ነው ያልቻልኩት። እንደ ማክሰኞ አስቤ ብነሳ ሰኞ አረፍዳለሁ። እንደ ሰኞ አስቤ ብነሳ ማክሰኞ ግማሽ ሰዓት በር ላይ ተገትሬ ከጥበቃው ጋር ሰላምታ እለዋወጣለሁ። ስለዚህ በየቀኑ የሚያስነሱኝ በክፉ ቀንዎ ልክ ነው። ደግ የሆኑበት ቀንም ለእኔ ጠብ የሚል ነገር የለውም።

ሰኞ ከፊቴ የተቀመጠችው ልጅ ኩሏን ይዛ ነበር። አውቶቡሱ ሲንቀሳቀስ እጇን ታወርዳለች፣ ሲቆም ታነሳለች። የቀኝ ዓይኗን የመጀመሪያው መብራት ላይ ጨረሰች። የግራውን ለሁለተኛው መብራት አስቀመጠችው፤ ሁልጊዜ እንደዚያ እንደምታደርግ ያስታውቃል። ሁለተኛው መብራት ግን አረንጓዴ ሆኖ ጠበቀን። አረንጓዴ ሲበራ የተናደደ ሰው ያን ቀን የመጀመሪያዬ ነው። ባለ አንድ ዓይን ኩል ሆና እስከ አደባባዩ ሄደች። አይዞሽ ልላት ፈልጌ ነበር። አላስፈለጋትም፤ አደባባዩ ላይ ዓይኗ ቀርቶ ሁለቱንም እጆቿን ለመኳል የሚበቃ ጊዜ ሰጡን።

እዚያ 20 ደቂቃ ቆምን። ሁላችንም አንገታችንን እያስረዘምን ግጭቱን ስንፈልግ ነበር። መቼም ያን ያህል ካስቆመን ቢያንስ አንድ የተገለበጠ ነገር ያሳየናል ብለን። ስንደርስ ምንም የለም። የተጋጨ የለ፣ ጎማ የፈነዳበት የለ። በባዶ ሜዳ ነው ያገቱን።

ቤት ገብቼ ሳነብ ግን ይህ የቆየ አመልዎ እንደሆነ ደረስኩበት። የጃፓን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ሙከራ 22 መኪኖችን ዙሪያው 230 ሜትር በሆነ ክብ መንገድ ላይ አሰልፈው እኩል ፍጥነት ይዛችሁ ዙሩ አሏቸው። መብራት የለም፣ መስቀለኛ መንገድ የለም፣ አቋርጦ የሚያልፍ እግረኛ የለም። ትንሽ ቆይቶ ግን መጨናነቁ ከየት መጣ ሳይባል መጣ። አንዱ ፍሬን ነካ ያደርጋል። ከኋላው ያለው ትንሽ ጠበቅ አድርጎ ይይዛል። የእሱ ተከታይ ደግሞ ከዚያ ጠበቅ ያደርጋል። መጨረሻ ላይ አንዱ ጨርሶ ይቆማል፣ መቆሙም እንደ ማዕበል ወደ ኋላ ይተላለፋል። እንግዲህ በ22 መኪና እንዲህ ከሆኑ እኔ ያየሁት ሰልፍ ላይ ምን እንደሚሆኑ መገመት አያቅትም።

መቼስ ዝነኛ ነዎት፤ ያልተጠናብዎት ነገር የለም። ዳንኤል ካህነማን የሚባሉ የኖቤል ተሸላሚ ከባልደረቦቻቸው ጋር ሆነው እ.ኤ.አ. በ2004 ባወጡት ጥናት፣ በቴክሳስ 909 ሠራተኛ ሴቶች የትናንት ውሏቸውን ከጠዋት እስከ ማታ እንዲያስታውሱና በእያንዳንዱ ሰዓት ምን እንደተሰማቸው እንዲናገሩ አድርገው ነበር። የጠዋቱ ጉዞ ከመጨረሻዎቹ ተርታ ወጣ። ከሥራው ራሱ በታች! ሰው ከሥራው ይልቅ ወደ ሥራው መሄድ ሲያስጠላው ያስቡት። ብሩኖ ፍሬይና አሎይስ ስቱትዘር የሚባሉ ኢኮኖሚስቶችም የጀርመን መረጃ ይዘው እ.ኤ.አ. በ2008 ባሳተሙት ጽሑፍ፣ ጉዞው በረዘመ ቁጥር ሰው በሕይወቱ የሚኖረው እርካታ እንደሚቀንስ አሳይተዋል። በሒሳብ ቢሆን የተሻለ ደመወዝ ወይም የረከሰ ኪራይ ሊያካክሰው ይገባ ነበር። አላካካሰውም።

ሒሳብ ካነሳን አይቀር እኔም ወረቀትና እርሳስ አውጥቻለሁ። በአማካይ ለአንድ ጉዞ 1 ሰዓት ተኩል ይወስዱብኛል። ደርሶ መልስ 3 ሰዓት። በሳምንት 15። ፈቃዴን ሳወጣ 48 ሳምንት ይቀረኛል፤ በዓመት 720 ሰዓት። ይህ ሌትና ቀን ያለማቋረጥ 30 ቀን ነው። በሥራ ሰዓት ከተቆጠረ ደግሞ 90 የሥራ ቀን። ቀጣሪዬ 20 ቀን ፈቃድ ሰጠሁሽ ብሎ ደረቱን ሲነፋ እርስዎ 90ውን ድምፅ ሳያሰሙ ያነሳሉ።

ጭማሪውስ? አሁን ከቤቴ እስከ ሥራዬ 20 ደቂቃ ነው። 8 ሰዓት ሥራና ጉዞው ሲደመር በቀን 8 ሰዓት ከ40 ደቂቃ ለደመወዜ እሰጣለሁ። በአዲሱ ሥራ 11 ሰዓት ልሰጥ ነው፤ ይህ 27 በመቶ ጭማሪ ነው። 30 በመቶ ተጨመረልኝ ብዬ እናቴን ያስደሰትኩት ነገር በሰዓት ሲመነዘር 2 በመቶ ከምናምን ሆኖ አረፈው። የመጓጓዣውን ሳልቀንስ! ላም አለኝ በሰማይ ማለት ይሄኔ ነው። ባለቤቴ ወረቀቱን አይቶ «ደግሞ ደምሪው» አለ። ሦስቴ ደመርኩት።

ወረቀቱ ላይ ያልገባ ደግሞ አለ። ልጄ አራት ዓመቷ ነው። አዲሱ ሥራ ሩቅ መሆኑን ሰማችና «እዚያ ታድሪያለሽ?» አለችኝ።

«አላድርም።»

«ታዲያ ለምን በሌሊት ትሄጃለሽ?»

በሉ እንግዲህ ይመልሱላት። እኔ ጥያቄውን ለእርስዎ መርቼዋለሁ።

ላለመበደል ያህል፣ ወዳጅ እንዳለዎትም አውቃለሁ። አንድ ጓደኛዬ ለዓመታት ከእርስዎ ጋር ኖራ «ብቻዬን የምሆንበት ሰዓት እሱ ብቻ ነው» ትላለች። ሦስት ልጆች አሏት፤ አምናታለሁ። ወንበር የሚያገኝ ሰው ያነባል፣ ይተኛል፣ ቋንቋ ይማራል። እኔ ማክሰኞ በአንድ እጄ ብረቱን ይዤ፣ በሌላው ቦርሳዬን አቅፌ፣ የማላውቀው ሰው ክርን ጎኔ ላይ ተደግፎ ሄድኩ። በዚያ ሁኔታ የተማርኩት ነገር ቢኖር የሰውዬውን የስልክ ጥሪ ዜማ ነው። ሥራው በሁለት ዓመት ውስጥ ሌላ በር የሚከፍት ከሆነም ሰው ችሎ ሊሄድብዎት ይችላል። ማብቂያው ይታወቅ ብቻ።

ይሰፋሉ የሚባለውንም ሰምቻለሁ። አንቶኒ ዳውንስ የሚባሉ ኢኮኖሚስት ገና እ.ኤ.አ. በ1962 ነግረውናል፤ መንገድ ሲሰፋ ወደ ሌላ ሰዓትና ወደ ሌላ መንገድ የሸሸው ሁሉ ተመልሶ ይሞላዋል። ስለዚህ በዚህ አይሸንግሉኝ።

የምሰጥዎት ግን አለ። ቼዛሬ ማርኬቲ የሚባሉ ጣሊያናዊ የፊዚክስ ሊቅ እ.ኤ.አ. በ1994 እንደጻፉት ሰው በእግሩ ሲሄድም ሆነ በመኪና ለጉዞ የሚያውለው በአማካይ በቀን 1 ሰዓት ገደማ ነው። 1 ሰዓት ልስጥዎት። ወግ ነውና አልሰስትም። እርስዎ ግን የሦስት ሰው ድርሻ ለብቻዎ ነው የሚጎርሱት።

ስለዚህ ትናንት ለአዲሱ ቀጣሪ ጻፍኩ። ሁለት ቀን ከቤት ልሥራ፣ ሦስቱን ቀን ጠዋት በ4 ሰዓት ልግባ አልኩ። ከሳምንቱ 15 ሰዓት ውስጥ ቢያንስ 6ቱን ያስመልስልኛል። በእርጋታ ነው የጻፍኩት፤ ባለቤቴ «ክቡር» የሚለውን ሁለት ቦታ ጨመረበት። ዛሬ መልሱ መጣ። «እናየዋለን» ይላል። እስከ ዓርብ ካላዩት ባለሁበት እቀራለሁ፤ የሁለት መስመሩን ማዕረግም ለሚችለው ሰው እተዋለሁ።

እስከዚያው ልጄ በሌሊት ስለምሄድበት ምክንያት የጠየቀችውን አደራ እንዳይረሱት።

ከሰላምታ ጋር፣
ሦስተኛው ወንበር ላይ ያለችው

ግልባጭ፦
ለማንቂያ ደወሌ፤ እስከ ዓርብ ከ12 ሰዓት ተኩል በፊት ድምፅ እንዳታሰማ
ለእናቴ፤ ለጎረቤት መንገሩን ለጊዜው ያዝ አድርጊው
ኩሏን ለያዘችው ልጅ፤ ለሁለተኛው መብራት ምንም ነገር አታስቀምጪ