ማላከኩ ይብቃን

ወገኖቼ፣ ዛሬ ተግሳጽ ይዤ መጥቻለሁ። ቅር አይበላችሁ። የምናገረውን ጥፋት እኔም ለዓመታት ስሠራው ኖሬያለሁ።

ስለ ቆሻሻ ወይም ስለ መኪና ጭስ ወሬ ሲነሳ አንድ መልስ አፋችን ላይ ተዘጋጅቶ ይጠብቃል። «ዓለምን የሚበክሉት እኮ መቶ ኩባንያዎች ናቸው። እኔ አንዲት ፌስታል ብተው ምን ሊለወጥ ነው?» እንላለን። ከዚያ ፌስታሉን እንቀበላለን። በእግር አሥር ደቂቃ ለማይሞላ መንገድ ሞተር እናስነሳለን። ያቺ አጭር መንገድ ደግሞ ቀላል እንዳትመስላችሁ። ቀዝቃዛ ሞተር ነዳጅ ይፈጃል። የጭስ ማጣሪያውም እስኪሞቅ ድረስ ሥራውን በወጉ አይሠራም። እሱ ሲሞቅ እኛ ደርሰናል።

መቶ ኩባንያዎች የሚለው ነገር ከየት መጣ? በ2017 ከወጣ አንድ ጥናት ነው (ዓመቶቹን የምጠቅሰው በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው)። ከ1988 ወዲህ ከወጣው የኢንዱስትሪ ሙቀት አማቂ ጋዝ ውስጥ 71 በመቶው ከ100 የድንጋይ ከሰል፣ የነዳጅ ዘይትና የጋዝ አምራቾች ጋር ይያያዛል ይላል። ብዙዎቻችን እዚህ ላይ እፎይ ብለን ማንበብ አቆምን። ቀጥሎ ያለውን አላየነውም። ከዚያ ጋዝ 90 በመቶ ገደማው የሚወጣው ነዳጁ ከተሸጠ በኋላ ሲቃጠል ነው። የት ነው የሚቃጠለው? በመኪናችን፣ በተሳፈርንበት አውሮፕላን፣ ዕቃችንን በሚያመጣው የጭነት መኪና፣ መብራት በሚያመነጨው ጣቢያ። ጭሱ አንድ ነው። እነሱ ሸጡት፣ እኛ አነደድነው። የማን ነው ብሎ መከራከር አንዳችንንም ነፃ አያወጣም።

ኩባንያዎቹ ንጹህ ናቸው የሚል ሰው ካለ ደግሞ ታሪኩን ይስማ። በ1953 አሜሪካ ውስጥ አገሪቱን ውብ እናድርጋት የሚል ድርጅት ተቋቋመ። ከመሥራቾቹ መካከል ጣሳና ጠርሙስ አምራቾች ነበሩበት። ድርጅቱ በ1971 የሠራው ማስታወቂያ እስከ ዛሬ ይነሳል። የቀደምት አሜሪካውያንን ልብስ የለበሰ ሰው በየመንገዱ የተጣለውን ቆሻሻ አይቶ ያለቅሳል። ከዚያ «ብክለትን የሚጀምሩት ሰዎች ናቸው፤ ሊያቆሙትም የሚችሉት ሰዎች ናቸው» ይባላል። ተዋናዩ እንኳ በትውልዱ የጣሊያን ዘር ነበር። በዚያው ዓመት የኦሪገን ግዛት ባዶ ጠርሙስ ለሚመልስ ሰው ማስያዣው እንዲመለስለት ሕግ አወጣች። የመጠጥና የማሸጊያ ኩባንያዎች ግን እንዲህ ዓይነቱን ሕግ አጥብቀው ይታገሉ ነበር። ቆሻሻው እንዳይፈጠር የሚያደርገውን ሕግ እየተቃወሙ፣ ቆሻሻውን የጣለውን ሰው ይወቅሱ ነበር ማለት ነው። አይጥ በበላ ዳዋ ተመታ።

በ2004 ደግሞ ቢፒ የተባለው የነዳጅ ኩባንያ እያንዳንዱ ሰው የራሱን የካርቦን አሻራ፣ ማለትም በአኗኗሩ ምክንያት የሚወጣውን የሙቀት አማቂ ጋዝ መጠን፣ የሚያሰላበት መሣሪያ ይዞ ብቅ አለ። ነዳጅ ሻጩ ገዢውን «አንተ ስንት አቃጠልክ?» ብሎ ጠየቀው። ስንት እንደሸጠ የጠየቀው ሰው ግን ጥቂት ነበር።

እና ተታለናል። ልክ ነው። የምቆጣው መታለላችንን ካወቅን በኋላ ባደረግነው ነገር ነው። ያወቅነውን ይዘን ኩባንያዎቹን መጠየቅ ሲገባን፣ እሱን ሰበብ አድርገን ቁጭ አልን። እኔ ከሞትኩ ሰርዶ አይብቀል እንዳለችው አህያ ሆንን።

በእጃችን ያለውን እንኳ ተውነው። በ2022 በዓለም ዙሪያ 1.05 ቢሊዮን ቶን ምግብ ተጥሏል። የተባበሩት መንግሥታት የአካባቢ ፕሮግራም እንዳለው ከዚህ ውስጥ 60 በመቶው የተጣለው ከመኖሪያ ቤት ነው። ይህን በማን እናላክክ? ምግቡን ያበላሸነው ፍሪጃችን ውስጥ ረስተነው ነው።

በእጃችን የሌለም አለ። ማሸጊያው ከፕላስቲክና ከአልሙኒየም ተጣብቆ ከተሠራ እኔ ቤቴ ውስጥ የቱንም ያህል ቆሻሻ ብለይ ትርፉ ድካም ነው። ያንን መለወጥ የሚችለው የሠራው ክፍል ነው። እስከ 2015 ድረስ ዓለም ከጣለችው ፕላስቲክ እንደገና ጥቅም ላይ እንዲውል የተደረገው 9 በመቶ ገደማ ብቻ ነው። ጀርመን ይህን ቀድማ አይታ ይመስለኛል፣ በ1991 ማሸጊያ ገበያ ላይ ያወጣ ኩባንያ ማሸጊያውን መልሶ የመረከብ ኃላፊነት እንዲወስድ በሕግ አስገደደች። ኩባንያ በምክር አይመለስም። ሕግ ሲመጣበት ይመለሳል። ሕግ ደግሞ ዝም ከሚል ሕዝብ አይወጣም።

እዚህ ላይ አንዳንዶቻችንን ለይቼ ልውቀስ። አውቶቡስ በማይደርስበት ሰፈር የሚኖረውን ሰው «ለምን መኪና ትነዳለህ?» ብላችሁ አታሸማቅቁት። ምን አማራጭ አለው? በ2018 ከዓለም ሕዝብ አውሮፕላን የተሳፈረው 11 በመቶ ገደማ ነው ተብሎ ይገመታል። ከመንገደኞች በረራ ከወጣው ጭስ ግማሹን ያወጣው ደግሞ ከሕዝቡ 1 በመቶው ብቻ ነው። ዕዳችን እኩል አይደለም። ብዙ ያለው ብዙ ይጠየቅ።

የኔዘርላንድስን ሰዎች ሳስብ ግን ልቤ ይሞቃል። በ1971 በዚያች ትንሽ አገር ከ3,000 በላይ ሰዎች በትራፊክ አደጋ ሞቱ። ከ400 በላይ የሚሆኑት ልጆች ነበሩ። ወላጆች «የልጆች ግድያ ይቁም» ብለው አደባባይ ወጡ። መንገድ ዘጉ። በየከተማው ምክር ቤት በር ቆሙ። ልጆቻቸው የሚጫወቱበትን መንገድ ከመኪና አስመለሱ። በዚያው ዘመን የነዳጅ ቀውሱም ገፋፍቶ መንግሥት የብስክሌት መንገድ መሥራት ጀመረ። ዛሬ በዚያ አገር ከአራት ጉዞ አንዱ በብስክሌት ነው። እነዚያ ወላጆች ብስክሌት ገዝተው ብቻ ቤታቸው ቢቀመጡ ኖሮ መንገዱን ማን ይሠራላቸው ነበር? መንገዱ ከተሠራ በኋላ ማንም ባይነዳበትስ ምን ዋጋ ነበረው?

አየርላንድም አለች። በ2002 በአንድ ፌስታል ላይ 15 የዩሮ ሳንቲም ቀረጥ ጣለች። አጠቃቀሙ በ90 በመቶ ገደማ ወረደ። ሰዉ ያው ሰው ነው፤ የተለወጠው ሕጉ ነው። ግን ዘንቢሉን ይዞ የሄደው ራሱ ሰዉ ነው።

እኛስ? ስለ አውቶቡስ መስመር ስብሰባ ሲጠራ ወንበሩ ባዶ ነው። ስለ መኪና ማቆሚያ ሲሆን መቆሚያ ቦታ አይገኝም። ለምርጫ ተወዳዳሪዎች ስለ ሌላው ሁሉ ጥያቄ አለን፣ ስለ ማሸጊያ ሕግ ግን አንድ ሰው ሲጠይቅ አልሰማሁም። የምንሠራበት ድርጅት ዕቃ ሲገዛ፣ ሠራተኛ ሲያመላልስ፣ ቆሻሻውን ሲጥል እያየን «ሥራዬ አይደለም» እንላለን። ኩባንያ የምንለው እኮ ውስጡ የምንሠራው እኛ ነን።

የሚቀጥለው ስብሰባ ሲጠራ ቀድማችሁ ወንበር ያዙ። በእግር መምጣት የምትችሉ በእግር ኑ። የማትችሉ ደግሞ ለምን እንዳልቻላችሁ እዚያው ተነስታችሁ ተናገሩ፤ እንዲመዘገብም ጠይቁ።